ጥር 11 ተጎበኘች የተባለችው መምህርት

በደሉ ይህ ነው፤ የልጅ ልጄ ጉደር ላይ በመምህርነት በተቀጠረች በመጀመሪያው ዓመት፣ ሥራዋን እየተከታተለ እንዲያለማምዳት የተመደበላት ነባር መምህር አንድም ቀን ክፍሏ ሳይገባ፣ አራት ጊዜ ገብቼ አየኋት፣ መከርኳትም ብሎ ፈረመ። ስም አልጠራም። ሰውየው ዛሬ መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ከሩቅ ባርኔጣውን አንሥቶ ሰላም ይለኛል፤ እኔም ክፉ አልመኝለትም። ግን ነገሩ ተድበስብሶ እንዲቀር አልፈልግም። እንደ ቀልድ የሚያወሩት ሰዎች ስላሉ፣ እንደሆነው አድርጌ እኔው ልጻፈው።

ልጅቱን አምቦ ያሳደግኳት እኔ ነኝ። እናቷ፣ ማለትም ልጄ፣ ባኮ የእህል መጋዘን አላት፤ በቆሎ ትሰበስባለች፣ ለመኪና ትጭናለች። ልጅቱ እኔን «አኮ» ትለኛለች፤ በኦሮምኛ ሴት አያት ማለት ነው። የቤታችን ወሬ ግማሹ አማርኛ፣ ግማሹ ኦሮምኛ ነው። አንዱ የት ቆሞ ሌላው የት እንደሚጀምር እኛም አናውቀው።

እኔ ከስድስተኛ ክፍል አላለፍኩም። ሆኖም ሃያ ስድስት ዓመት እዚሁ አምቦ አንድ ትምህርት ቤት በጽዳት ሠርቻለሁ። እጅ ኮሪደር ሲጠርግ ጆሮ ሥራ አይፈታም። ማን እንደሚያስተምርና ማን እንደሚያደርቅ ከመስኮት ሥር ሆኜ ለይቼ አውቅ ነበር። አንድ የታሪክ መምህር ነበር፤ እሱ ሲያስተምር አንዱን ቦታ ሦስት ጊዜ እጠርግ ነበር። አንድ ሌላ ደግሞ ነበር፤ የእሱን ኮሪደር እንደሚያባርሩት ሰው ነበር የማጸዳው። ስለዚህ የማስተማር ነገር ከእኔ የሚሰወር አይመስለኝም ነበር።

ልጅቱ ሥራ የጀመረችው ከኮሮናው ወዲህ ትምህርት ቤቶች በወጉ ሲከፈቱ ነው። ሰባተኛ ክፍል ሒሳብ ሰጧት፤ ስልሳ ስምንት ተማሪ። ጠዋት በሚኒባስ ጉደር ትወርዳለች፣ ከሰዓት በኋላ ትመለሳለች። ጥቅምት ሳያልቅ ድምፅዋ ጎርንኖ፣ ዓይኗ ቀልቶ መምጣት ጀመረች።

«ስንቱ ይገባዋል?» አልኳት አንድ ቀን።

«ገባችሁ ስላቸው ሁሉም ገባን ይላሉ።»

«ታዲያ ምን ያስለቅስሻል?»

«ፈተና ላይ አይገባቸውማ፣ አኮ።»

እኔም መከርኳት። ድምፅሽን ከፍ አድርጊ፤ አትሳቂ፤ በሩን ዝጊ፤ የሚያወራውን ከነስሙ ጥሪው አልኳት። ታዛዥ ናት፣ ያልኳትን አደረገች። በሁለት ሳምንት ድምፅዋ ጨርሶ ጠፋ። ዝንጅብል አፈላሁላት፣ ማር ጨመርኩበት፣ አልመለስ አለ። አንድ ሳምንት ሙሉ በእጅ ምልክትና በጠመኔ ብቻ አስተማረች። ክፍሉ ጸጥ ያለው በዚያ ሳምንት ብቻ ነው፤ ምን ልትል ነው ብለው አፍጥጠው ይጠብቋት ነበር።

የዓመቱ አጋማሽ ሲደርስ የባኮ ወሬ መጣ። እናቷ በስልክ፣ «ነይና መጋዘኑን ያዢልኝ። በቆሎ እንደሆነ ዝም ብሎ ነው የሚቀመጠው፣ አይጮህብሽም» አለቻት። ልጅቱም ፋሲካ ሲያልፍ ሥራውን ለቅቄ እሄዳለሁ ብላ ቆረጠች። እኔ ደስ አላለኝም። ይህች ልጅ ፊደል በቅጡ ሳትለይ የጓሮዬን ግድግዳ በከሰል ሞልታ ዶሮዎቼን የምታስተምር ነበረች። መምህርነት ከየትም የመጣባት ነገር አይደለም። ግን ሰውን በግድ ሥራ ላይ አይቸነክሩት። ምን ልበላት?

ፋሲካ ሁለት ሳምንት ሲቀረው አንድ ወረቀት ይዛ መጣች። የጀማሪ መምህራን ማኅደር ይሉታል። አማካሪዋ፣ ያ ነባር መምህር፣ ሞልቶ ፈርሞበታል፤ የቀረው የእሷ ፊርማ ነው። መነጽሬን አደረግኩ። ጽሑፉ በቁቤ፣ በላቲኑ ፊደል ነው፤ እኔ ደግሞ የተማርኩት በግዕዙ ፊደል ስለሆነ አላነበውም። ቁጥር ግን ቁጥር ነው።

«እነዚህ ምንድን ናቸው?»

«አማካሪዬ ክፍል ገብቶ ያየበት ቀን ነው ይላል።»

«ገብቶ ያውቃል?»

«ኅዳር ላይ ኮሪደር ላይ አግኝቶኝ በርቺ ብሎኛል።»

አራት ቀን ተጽፏል፤ 11/3፣ 11/5፣ 11/7፣ 11/9። ሁሉም አሥራ አንድ። ከመስከረም ጀምሬ በጣቴ ቆጠርኩ። ሦስተኛው ኅዳር ነው፤ አምስተኛው ጥር።

«ጥር 11 የት ነበርሽ?» አልኳት።

«ጥር 11?» አለች፤ ከዚያ አፏን ያዘች። «ከአንቺ ጋር፣ ታቦት ስንሸኝ።»

«እሱ ግን ክፍል ውስጥ አይቶሻል። በጥምቀት ዕለት ሒሳብ ታስተምሪ ነበር። ጎበዝ ነሽ።»

መጨረሻው ደግሞ ግንቦት 11 ነው። እኛ ያለነው ሚያዝያ ላይ። «ይሄማ ነቢይ ነው» ስላት ሁለታችንም ወንበር ይዘን ሳቅን። እሷ ስትስቅ ቆይታ ድንገት ሳቋ ቆመ።

«ልፈርምለት፣ አኮ። ልሄድ አይደል?»

«አትፈርሚም።»

«ምን ይለውጣል?»

«ያልሰጡሽን ተቀብያለሁ ብለሽ አትፈርሚም። ሥራው አይሆነኝም ብለሽ ብትሄጂ አልይዝሽም። ግን አይሆናትም ለማለት መጀመሪያ አንድ የሚያውቅ ሰው አይቶሽ መሆን አለበት። ማንም አላየሽም እኮ።»

በማግስቱ አብሬያት ጉደር ወረድኩ። ርዕሰ መምህሩ ወጣት ነው፤ ጠረጴዛው በወረቀት ብዛት አይታይም።

«እማማ፣ ይቀመጡ። ማንን ፈልገው ነው?»

ወረቀቱን ዘርግቼ ጣቴን 11/5 ላይ አሳረፍኩ። አየው፤ እንደገና አየው።

«የጽሕፈት ስሕተት ይሆናል።»

«አራቱም?»

«ሥራ በዝቶበት ነው፣ እማማ። ሰባት ጀማሪ መምህር ነው የያዘው።»

«እንግዲያው የሰባቱንም አምጣና እንይ።»

«ማኅደር ለውጭ ሰው አይታይም» አለና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ደግሞ ምን ጎደላት? ጥሩ ውጤት ነው የተሞላላት።»

«እሱ ነው የጎደላት። ጥሩ የተባለችው ሳትታይ ነው።»

አማካሪውን አስጠራልኝ። ሃምሳ ዓመት የሚሆነው፣ ቡናማ ባርኔጣ ያደረገ፣ እጅጌው ላይ ጠመኔ ያለበት ሰው ገባ። ቁጥሩን አሳየሁት። በጣቱ ቆጠረና፣ «ጥር ነው እንዴ አምስተኛው ወር?» አለ።

«መስከረም አንድ ካልን፣ አዎ።»

ርዕሰ መምህሩ ሳቁን በሳል ሸፈነው።

«ሳታያት ለምን ፈረምክ?» አልኩት።

«ጊዜ አጥቼ ነው፣ እማማ።»

«ለመፈረም ጊዜ አግኝተሃል። ይህ መልስ አይደለም፤ መልሱን እጠብቃለሁ። አሁን ግን ክፍሏ ግባ።»

እሱም ከፋሲካ በኋላ፣ ትምህርት በተከፈተ በመጀመሪያው ሳምንት፣ ማክሰኞ ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ እገባለሁ ብሎ ሰው ፊት ቃል ሰጠ። ልጅቱን እስከዚያ እንድትቆይ ለመንኳት፤ እሺ አለች፤ ለባኮ የሸከፈችውን ልብስ ግን ከሻንጣው አላወጣችም። እናቷ ከባኮ ደውላ፣ «አንቺ እኮ ክርክር ስለምትወጂ ነው» አለችኝ። በቆሎሽ ይጠብቃል አልኳት።

ማክሰኞ ቀድሜ ደረስኩ። ርዕሰ መምህሩ ሲያየኝ፣ «እማማ፣ ክፍል መግባት ግን አይቻልም» አለ። ማን ልግባ አለህ ብዬ መስኮቱ ሥር ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ለዚህ ቦታ የሃያ ስድስት ዓመት የሥራ ልምድ አለኝ።

አማካሪው ገባና መጨረሻው ወንበር ላይ፣ ከሁለት ረጃጅም ተማሪዎች መሀል ተጨቁኖ ተቀመጠ። አርባ ደቂቃ አንድ ቃል አልተነፈሰም። ብቅ ብዬ ሳየው ወረቀት ላይ ጫር ጫር ያደርጋል። ንዴቴ መጣ፤ ዛሬም ቀን ሊጽፍ ነው የመጣው ብዬ አሰብኩ።

ደወል ሲደወል ልጅቱን ግቢው ውስጥ ያለው ዛፍ ሥር ወሰዳት። እኔም ሳልጠራ ሄድኩ። ወረቀቱን ዘረጋው። የክፍሉን ወንበሮች በሙሉ ረድፍ በረድፍ ሥሏቸዋል። እሷ ጥያቄ የጠየቀችው ተማሪ በተቀመጠበት ሁሉ አንዳንድ ጭረት አለ። ጭረቱ በሙሉ ፊት ለፊት፣ በመስኮቱ በኩል ተከማችቷል። ከሦስተኛው ረድፍ ወደ ኋላ ወረቀቱ ነጭ ነው።

«ሃያ ሦስት ጥያቄ ጠይቀሻል» አላት። «ሃያ አንዱን የመለሱት እነዚህ ስምንት ልጆች ናቸው። ገባችሁ ወይ ብለሽ አሥራ አራት ጊዜ ጠየቅሽ፤ አሥራ አራት ጊዜ ገባን አሉ። አጠገቤ ያለው ልጅ ከሁሉም በላይ ጮኾ ነው ገባን የሚለው። ደብተሩ ላይ ግን በሬ እየሣለ ነበር።» ትንሽ አሰበና፣ «ጥሩ በሬ ነው» አለ።

ታለቅሳለች ብዬ ነበር። እሷ ግን ወረቀቱን ተቀብላ ትክ ብላ አየችው። እኔ ነኝ የደነገጥኩት። ዕድሜዬን በሙሉ ለሰው እኩል ይደረግ ብዬ የተጣላሁ ሴት፣ የገዛ የልጅ ልጄ ትምህርቱን ለስምንት ልጅ ስታድል ከርማ አላወቅኩም። መስኮት ሥር ሆኖ ድምፅ እንጂ ወንበር አይታይም።

«ስልሳዎቹስ?» አልኩ ሳላስበው።

«አኮ፣ ዝም በይ። እሱ ይናገር» አለችኝ።

እንዲህ ተብዬ አላውቅም፤ ተብዬም ዝም ብዬ አላውቅም። ያን ቀን ዝም አልኩ።

ገባችሁ የሚለውን ተይው አላት። አንድ ጥያቄ ሰሌዳ ላይ ጻፊ፤ ሁሉም ደብተሩ ላይ ይሥራ፤ አንቺ በወንበሮቹ መሀል እስከ መጨረሻው ግድግዳ ሂጂ፤ ደብተሩ ይነግርሻል። ሰሌዳው ጋ ተለጥፈሽ አትቁሚ። ድምፅሽንም ዝቅ አድርጊ፤ አሁን የምትጮኺው ለራስሽ ነው።

«ጩኺ ያለሽ ደግሞ ማነው?» ሲል ጠየቃት።

ልጅቱ እኔን አየች። እኔ ዛፉን አየሁ።

በሚቀጥለው ሳምንት ተመልሶ ገባ። ከዚያም ሁለት ጊዜ። ሁልጊዜ አዲስ ወረቀት ይሥላል፤ ልጅቱ ማታ ማታ ራት ስንበላ አጠገቧ ታስቀምጣቸዋለች። ጭረቶቹ ቀስ በቀስ ወደ ኋላ ሄዱ። በሬ የሚሥለው ተማሪ አንድ ቀን ክፍልፋይ በትክክል ሠራ ብላ ከበር ጀምራ እያወራች ገባች። የጎረነነው ድምፅዋ ጠራ፤ ዝንጅብሉን ለራሴ ጠጣሁት። ግንቦት ላይ እናቷ ስትደውል፣ «እማዬ፣ ፈተና እያረምኩ ነው፣ በኋላ ልደውልልሽ» ብላ ዘጋች። ሳትደውልላት አደረች።

«ልጄን አስቀረሽብኝ» አለችኝ እናቷ በማግስቱ።

«እኔ አይደለሁም» አልኳት። «እኔማ ጩኺ ነበር ያልኳት።»

በዚያ ሰሞን አንድ የድሮ ነገር እየመጣ ያስቸግረኝ ጀመር። እኔ በሠራሁበት ትምህርት ቤት ስንቱ አዲስ መምህር አዲስ ጫማ አድርጎ መጥቶ ዓመት ሳይሞላው ሄደ። ሥራው አልሆነውም እንል ነበር፤ አበቃ። አንዱን አስታውሳለሁ፤ መጥረጊያ ከማስቀምጥበት ክፍል ገብቶ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ሲያለቅስ አገኘሁት። ውኃ ሰጠሁትና ኮስተር በል አልኩት። ሌላ የምለው አልነበረኝም። ወር አልቆየም። እኔ ለእሱ አዘንኩለት እንጂ ሥራውን አላየሁለትም። ማዘንና ማየት ለየቅል መሆኑን ያወቅኩት በልጅ ልጄ ነው። ልጅቱን ከማንም አስበልጬ እወዳታለሁ፤ ግን የወደድኳት እኔ ድምፅዋን አጠፋሁት፣ ብዙም የማያውቃት ሰው በአንድ ወረቀት ሥራዋን አሳያት።

ሰኔ ላይ ትምህርት ቤቱ ሊዘጋ ሲል ማኅደሩ እንደ አዲስ ተሞላ። አራት ቀን ተጽፎበታል፤ አንዱም በዓል ላይ አልዋለም፤ መርምሬያለሁ። ልጅቱ በደስታ ፈረመች። ሻንጣዋን ከፍታ ልብሷን ቁም ሣጥን ውስጥ ከመለሰች ያኔ ሰንብታለች። ዛሬ አራተኛ ዓመቷን ይዛለች፤ ሁለት ጀማሪዎችም በእሷ ሥር ናቸው።

በዚያው ሰኔ፣ የወላጆች ቀን ዕለት፣ አማካሪውን ግቢው ውስጥ አገኘሁት። ባርኔጣውን አነሣ።

«አመሰግንሃለሁ» አልኩት። «ግን መልሴን አልሰጠኸኝም። ሳታያት ለምን ፈረምክ?»

ጊዜ አጥቼ ነው ይለኛል ብዬ ጠበቅኩ። ባርኔጣውን እጁ ላይ አዞረ።

«እማማ፣ ሃያ ሁለት ዓመት ሳስተምር እኔን ማንም ክፍሌ ገብቶ አይቶኝ አያውቅም» አለኝ። «አማካሪ ሁን ሲሉኝ ገብቼ ምን እንደማይ አላውቅም ነበር። አላውቅም ማለት አሳፈረኝ፤ መፈረም ቀለለኝ። እርስዎ መጥተው ከሄዱ በኋላ ነው አዲስ ዓለም ከተማ የምታስተምር የድሮ ጓደኛዬ ዘንድ ሄጄ፣ ክፍል እንዴት እንደሚታይ አስተምሪኝ ያልኳት።»