ስድስት ጎራሹ

ጠዳ መናኸሪያ አጠገብ ካለችው ሻይ ቤት ሁልጊዜ በሩን በሚያሳየው ወንበር ነው የሚቀመጠው። ራሱን ተላጭቷል። የላስቲክ ጫማው በሽቦ ተሰፍቷል፤ ጋቢው ከመታጠብ ብዛት ሳስቷል። ጎኑ ላይ ያለው የአውሮፓ ስድስት ጎራሽ ሽጉጥ ግን ያብለጨልጫል። ሻዩ እስኪመጣ ያወጣና በጋቢው ጫፍ ወልውሎ መልሶ ይታጠቀዋል።

ትናንት አጠገቡ የተቀመጠ ሾፌር አላስቻለውም። «አያ፣ በሬዎችህን ሸጠህ ነው አሉ የገዛኸው። ለመሆኑ የጥንድ በሬ ዋጋ ይገባዋል?»

«ሸጋ ነው» አለ ሰውየው፣ ዓይኑን ከበሩ ሳይነቅል። «ጊዜው ሲከፋ፣ ልጄን አላስነካም ብዬ ገዛሁት። መጀመሪያ የተኮስኩት በልጄ ቀብር ላይ ነው። አንዴም አልከሸፈብኝም፤ አምስት ጊዜ ወደ ሰማይ ተኮስኩለት።»

ሾፌሩ «ነፍስ ይማር» ብሎ አንገቱን ደፋ። ቆይቶም ቀስ ብሎ፣ «ስድስተኛዋስ?» አለው።

በሩ ላይ አንድ ሰው ብቅ ሲል የሰውየው እጅ ጋቢው ውስጥ ገባ። የመጣውን ሰው ፊት ትክ ብሎ አየና እጁን ባዶውን አወጣ።

«እሱ አይደለም» አለና ሻዩን አነሳ።