ያልታጠበው በርሜል

ወሬው ሲደርሰኝ የብስክሌት የውስጥ ጎማ በቀጭኑ እየቆረጥኩ ጣውላ ላይ በማስቲሽ እለጥፍ ነበር። ወንድሜ ጠዋት ወደ ጎብዬ ገበያ ሲወጣ የሰጠኝ ሥራ ነው፤ ስመለስ ደርቆ ላግኘው ብሎኛል። ዐስር ሶላት ሲቃረብ ጎረቤታችን ጨው ነጋዴው ወደ ግቢ ገባና ሰላምታውን ሳይጨርስ ቆመ። እናቴ በርጩማ አቀረበችለት። አልተቀመጠም።

"የጎብዬ ገበያ ታፈሰ" አለ። "ልጃችሁን መኪና ላይ ሲጭኑት በዓይኔ አይቻለሁ።"

ማስቲሹ ጣቴ ላይ እስኪደርቅ ድረስ ከተቀመጥኩበት አልተነሣሁም።

ለውትድርና ጎረምሳ የሚታፈስበት ዘመን ነበር። የገበያ ቀን ማለት ወጥመድ መሆኑን በከተማችን በቆቦ የማያውቅ አልነበረም። ወንድሜም ገበያ በዋለ ቀን ከቤት አይወጣም፤ ጓሮ ተቀምጦ የሰው ሬዲዮና ብስክሌት ይጠግናል። ያን ቀን የወጣው በእኔ ምክንያት ነው።

ኒካሄ ሊታሰር ሦስት ሳምንት ቀርቶት ነበር። ወንድሜ የሠርጌ እንግዳ በዚያ በራያ ሙቀት ለብ ያለ ቀሪቦ አይጠጣም ብሎ ተነሣ። ቀሪቦ ከተቆላ ገብስና ከስኳር የምንጠምቀው፣ የማያሰክር መጠጣችን ነው። መንገድ ሠሪዎች ካምፓቸውን ሲያነሡ ጥለውት ከሄዱት ዕቃ መካከል እንደ ሣጥን ወደ ላይ የሚከፈት ፍሪዘር አገኘና በጋሪ አስጭኖ አመጣው። ሞተሩን በሳምንት አስነሣው። ሐሳቡ በርሜል ሙሉ ቀሪቦ ውስጡ አስቀምጦ፣ በቱቦ ወደ ውጭ አውጥቶ፣ በሩቢኔት መቅዳት ነው። እናቴ ታዲያ ጎኑን ብሳዋ ብትለው፣ ግድግዳው ውስጥ የጋዝ ቱቦ ስላለ አንዴ ከተበሳ እንደሚሞት አስረዳት። ስለዚህ ክዳኑን ነቅሎ፣ ክዳኑ ከላዩ እንዲያርፍበት በአፉ ዙሪያ የጣውላ ክፈፍ ሠራና ሩቢኔቱን እንጨቱ ላይ ተከለው። ብርዱ በስንጥቁ እንዳይወጣ ጎማውን የምለጥፈው ለዚያ ነበር። መብራት የሚመጣው ከመግሪብ በኋላ ለጥቂት ሰዓት ብቻ ስለሆነ፣ በጄሪካን የረጋው በረዶ እስከ ማግስቱ በርሜሉን ያቀዘቅዛል። ቀሪቦውን ወደ ላይ የሚገፋው ደግሞ የብስክሌት መንፊያ ነው። ጠዋት ጠዋት ጥቂት መንፋት ይበቃል ይል ነበር።

ለዚህ ግን አየር የማያስወጣ በርሜል ያስፈልጋል። ያገኘው ደግሞ የቢራ በርሜል ነበር፤ ከዚያው ካምፕ።

አልነካውም አልኩ። ሰባት ጊዜ በአመድ እንደሚያጥበው ነገረኝ። አሁንም እምቢ አልኩ።

"እሺ፣ ሸኹን እንጠይቅ" አለኝ።

"ልብ ከጠረጠረ በኋላ ሸኽ ምን ይጠየቃል?"

ሳቀ። "እታለም፣ አንቺ እኮ ጀነት በር ላይ ብትደርሺም እጀታውን ማን እንደነካው ሳትጠይቂ አትገቢም።"

እናቴም ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። ለሠርጌ እንግዳ በቢራ ዕቃ ከማቀርብ የጉድጓድ ውሃ ባቀርብ ይሻለኛል አልኩት፤ ጠንከር ብዬ። ከሁለት ቀን በኋላ ጎብዬ አንድ ባለሱቅ የለስላሳ ሽሮፕ የመጣበት በርሜል እንዳለው ሰምቶ መጣ። ባለሱቁ የሚከፍተው ደግሞ በገበያ ቀን ብቻ ነው። እናቴ ይቅርብህ ስትለው እሱ ወደ እኔ ተመለከተ። "ተወው" ብለው ይቀር ነበር። እኔ ያልኩት ግን "አላህ ይጠብቅሃል፣ ሂድ" ነው።

ሠርጉ አልቀረም፤ የተጠራ እንግዳ ነበርና። ቀሪቦውን ከእንስራ እየቀዳን ለብ እንዳለ አቀረብን። ማንም አላማረረም።

ወንድሜ ፍሪዘሩን ከሶኬቱ ሳይነቅለው ነበር የሄደው። እናቴም እንዳይነካ አለች። መብራት በመጣ ቁጥር ያ ሞተር አቃስቶ ይነሣል። ውስጡ ምንም የለም፤ ባዶውን ይበርዳል፣ መብራት ሲሄድ ደግሞ ባዶውን ያለቅሳል፤ ጠዋት ወለሉ ላይ ውሃ እናገኛለን። እናቴ ድምፁን ስትሰማ እንጀራ የቆረሰ እጇን ሳታነሣ "መጣ" ትል ነበር። መብራቱን ማለቷ እንደሆነ ለራሴ እነግረው ነበር።

ባሌ ወደ ሚዛን ከተማ ይዞኝ መጣ። እዚህ ዝናቡ አያባራም፣ ሰው ቀዝቃዛ መጠጥ አይናፍቅም። ያም ሆኖ የጎረቤት ፍሪጅ ሲነሣ የሙስበሃዬ ዶቃ ቁጥር ይጠፋብኛል፤ ዚክሬን እንደገና እጀምራለሁ። ደርግ ወድቆ የተበተነው ወታደር በእግሩ በቆቦ ሲያልፍ እናቴ መንገድ ዳር በእንስራ ውሃ አስቀምጣ እያጠጣች ትጠይቅ እንደነበር ሰምቻለሁ። ከውሃው የጠጣ ብዙ ነው። እሱን አየሁት ያለ ግን የለም። እሷም ሳታገኘው ወደ አኺራ ሄደች።

አንድ ቀን እዚህ ያሉትን ሽማግሌ ሸኽ እንደ ሌላ ሰው ታሪክ አድርጌ ጠየቅኋቸው። አንዲት ሴት ነበረች፣ ወንድሟ እንዲህ ብሏት ነበር አልኩ። ጨርሰው ሰሙኝና፣ "ብረት ታጥቦ ሽታው ከጠፋ ጦሃራ ነው፣ ንጹሕ ነው። ልጁ ልክ ነበር" አሉኝ። አመስግኜ ወጣሁ።

ስለዚህ ያን ቀን ጎብዬ ገበያ የነበራችሁ፣ በተለይ አብራችሁት መኪናው ላይ የተጫናችሁና በሕይወት ያላችሁ፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ቀጭን፣ ጥፍሩ ግራሶ የነካው፣ ምናልባት ባዶ በርሜል የታቀፈ ልጅ ነበር። መቃብሩን ባታውቁት አልወቅሳችሁም። ግን በመንገድ ላይ ስለ እህቱ ያነሣው ነገር ካለ ንገሩኝ። አፉ ብሏት፣ ይቅር ብሏት እንደሆነ ንገሩኝ። ረግሟትም ከሆነ አትደብቁኝ።