ለሁለት የሚታጠፍ አንሶላ

አንሶላ ለብቻ አይታጠፍም። ይህን ለሆስፒታል አጣቢ ብትነግሯት ትስቅባችኋለች፣ ይህን የማያውቅ የለምና። አንዷ አንዱን ጫፍ ትይዛለች፣ ሌላዋ ሌላውን፤ ወጠር አድርገው ያራግፉትና ፊት ለፊት እየተራመዱ ይገናኛሉ። አጣቢዋ ሠላሳ አንድ ዓመት እንዲህ ስትገናኝ ኖራለች። የመጀመሪያዎቹን ዘጠኝ ዓመታት ከታላቅ እህቷ ጋር ነበር። ደጉ ጊዜ ያ ነበር፣ ምን ያደርጋል።

ጡረታ ስትወጣ ወደ ሰፈሩ አዳራሽ የገፋፋቻት የእህቷ ልጅ ናት፤ ከአራት ዓመቷ ጀምሮ እሷው ያሳደገቻት።

«አክስቴ፣ ከግድግዳ ጋር ከምታወሪ ከሰው ጋር አውሪ። አንድ የተውኔት ደራሲ የሠራተኛ ሰዎችን ታሪክ ይፈልጋል አሉ» አለቻት።

ሄደች። ደራሲው ፂሙ ገና ያላማረለት ለጋ ወጣት ነው። አሥራ ሁለት ሰው በክብ አስቀምጦ፣ «እኔ ብቻዬን ቁጭ ብዬ ሰው አልፈጥርም፤ እናንተ እየሆናችሁ ታሳዩኛላችሁ» አለ። ቦታ ተቀያየሩ ሲላቸው አንድ ጡረተኛ ዘበኛ ሚስቱን ሆኖ አኮረፈ፤ ሳቅ በሳቅ ሆኑ። ቀጥሎ መሃል ላይ ባዶ ወንበር አኖረ።

«እማማ፣ እዚህ ወንበር ላይ ማን ቢቀመጥልዎ ይወዳሉ? ያናግሩት።»

ለእህቷ ልጅ እንኳ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ያልነገረችውን ለዚያ ወንበር ነገረችው። እህቷን ባጣችበት ዕለት ጠዋት ሁለቱ በተረኝነት ተጣልተው ተኮራርፈዋል። እህቷ አሞኛል ብላ ቤት ቀረች። እኩለ ቀን ላይ ጎረቤት ደውሎ፣ «ታላቅየዋ ጠንቶባታል፣ እህቴን ጥሩልኝ ትላለች» አለ። ስልኩን ያነሳው የእጥበት ክፍሉ ኃላፊ ነው። ከእጅ ሰዓቱ ላይ ዓይኑን ስለማይነቅል ሠራተኛው «ሰዓቱ» ይለዋል። መልእክቱን በወረቀት ጻፈና ኪሱ ከተተው። ሥራው ሲያልቅ ሰጣት። ስትደርስ ሁሉም ነገር አልቋል።

«ቢነግረኝ ኖሮ ባዶ እግሬን እሮጥልሽ ነበር» አለችው ወንበሩን። ዘበኛው አፍንጫውን ጠረገ። ደራሲው ቀና ሳይል ጻፈ።

ከወራት በኋላ ተውኔቱ ሊታይ ሦስት ቀን ሲቀረው ልምምድ እንድታይ ተጠራች። ለመድረኩ የራሷን አንሶላ አውሳለች፤ ለእህቷ ልጅም ለዕይታው ዕለት የፊት ወንበር ተይዞላታል። ተቀመጠች። ተዋናይቷ አንሶላውን ብቻዋን ታጥፋለች! ይሁን ብላ ዋጠችው። አንድ ድምፅ ከውጭ፣ «እህትሽ እየጠራችሽ ነው» አለ። ተዋናይቷም፣ «ትጥራ። እኔም ጠዋት ስጠራት ዞር ብላ አላየችኝም» ብላ ማጠፏን ቀጠለች።

አጣቢዋ እንዴት መድረኩ ላይ እንደወጣች አታውቅም።

«ሰዓቱ የት ገባ?»

«እማማ፣ ሰው በዛብኝ» አለ ደራሲው። «ነገሩ የሁለት እህቶች ነው፤ ሦስተኛ ሲገባበት ይሳሳል።»

«እሱን አስወጥተህ ጥፋቱን ለእኔ አሸከምከኝ?»

«እርስዎ እኮ አይደሉም፣ ገጸ ባሕርይ ናት።»

«አንሶላው የእኔ፣ እህቴ የእኔ፣ ኩርፊያው የእኔ። ጥፋቱ ጋ ስንደርስ ገጸ ባሕርይ ሆንኩ?»

«በደለኛ የሆንኩ ይመስለኛል ብለው ለወንበሩ የነገሩት ራስዎ ነዎት።»

«ይመስለኛል አልኩ እንጂ በደልኩ አልኩ? ያሳደግኳት ልጅ እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጣ እናቷን ስገድልባት ልታይ ነው፣ ታውቃለህ?»

አጣቢዋ ከተውኔቱ ጽሑፍ ጫፍ ቀደደችና እጁ ላይ አኖረችው።

«ቦታ ተቀያየሩ ስትለን እሺ ብለናል። ተራው ያንተ ነው። ሰዓቱን ሁን። ወረቀቱን ኪስህ ክተት።»

ፈገግ እያለ ከተተው። እሷ የአንሶላውን አንድ ጫፍ ለተዋናይቷ አስያዘች፤ ወጠሩት፣ እየተራመዱ ተገናኙ። ከዚያም በወጣትነቷ ድምፅ ጠየቀችው፦

«አለቃ፣ ከቤት የመጣ ወሬ ይኖር ይሆን?»

ደራሲው ሰዓት የሌለበትን ክንዱን አየ።

«የለም። ሥራሽን ጨርሺ» አለ።

ያለው ራሱ ነው፣ ማንም አላስጠናውም። ተዋናይቷ ጫፏን ለቀቀችው። የደራሲው ፊት አመድ መሰለ።

«አየህ?» አለች አጣቢዋ። «ሲሉት ቀላል ነው። እሱማ ከዚያ በኋላ ምሳውን በላ።»

በሦስት ቀን ውስጥ ሰዓቱ ተመልሶ ገባ። ሌላ ተዋናይ ለማስጠናት ጊዜ ስለሌለ ራሱ ደራሲው ቆመበት። ተውኔቱ በታየበት ዕለት ወረቀቱን ኪሱ ሲከት አዳራሹ አጉረመረመ፤ ከኋላ አንዲት ሴት፣ «ምነው እጅህን በቆረጠው» ስትል ተሰማች። የእህቷ ልጅ ወደ አጣቢዋ ዞረች።

«አክስቴ፣ ይህን ሁሉ ዓመት ለምን ደበቅሽኝ?»

«ተኳርፈን እንደነበር እንዳታውቂብኝ ብዬ።»

«እናቴ ከማን ጋር ሳትኳረፍ ውላ ታውቃለች?» አለች ልጅቷ፤ እንባዋንና ሳቋን አንድ ላይ እየጠረገች።

ሰዎች ሲወጡ ደራሲውን ከበው ያሞግሱታል፤ እንዴት ያለ ጨካኝ ሆነህ ተጫወትከው ይሉታል። ይበሉት። ዋናው ሰዓቱ ግን በሕይወት አለ፤ ተውኔቱንም አላየው። ከሥራ ሲሰናበት «ለታማኝ አገልግሎት» ተብሎ የግድግዳ ሰዓት ተሸልሟል። አጣቢዋም ያን ዕለት ከሠራተኛው ጋር ተሰልፋ አጨብጭባለታለች። እስከ ዛሬ መዳፏን የሚለበልባት ያ ጭብጨባ ነው።