የቅቤ ተራ ሰላዮች

ሚሌኒየሙ በተከበረ በዓመቱ ቡታጅራ የገባ እንግዳ፣ የከተማዋ ፀጉር ቤቶች ሁሉ የአንዲት ሴት ንብረት ሊመስሉት ይችሉ ነበር። መናኸሪያው በር ላይ ባለው ፀጉር ቤት ታፔላ ላይ የተሳለችው ሴት፣ ከመስጊዱ ማዶ ካለችው ጋር አንድ ናት። ያው ሰፊ ግንባር፣ ያው ቆጣ ያለ ቅንድብ፣ ያው ሊስቅ ሲል የተያዘ ከንፈር። ልብስ ሰፊው ቤት ታፔላ ላይም እሷው ናት፤ ጁስ ቤቱም ላይ ብርጭቆ ይዛ ቆማለች። ዛሬ አብዛኛውን ታፔላ ባነር ተክቶታል። ያን ጊዜ ግን የከተማው ሰው ሴትየዋን አሳምሮ ያውቃት ነበር። ነዒማ ናት፣ ቅቤ ተራ የምትሸጠው፣ የታፔላ ጻፊው የሸረፋ ሚስት።

ሸረፋ ፊደል ሲጽፍ እጁ ንቅንቅ አይልም። ለሥጋ ቤት የሳለው በሬ ሊዋጋ የደረሰ ይመስላል። ሴት ሳል ሲሉት ግን ብሩሹ በለመደው መንገድ ይነጉዳል። አንዷ የፀጉር ቤት ባለቤት፣ «ሴት ሳልልኝ አልኩህ እንጂ ሚስትህን መች አልኩህ?» ብላ ብትቆጣው፣ «ሌላ ሴት አፍጥጬ አይቼ አላውቅም፣ ምን ላድርግ?» አላት። ሴትዮዋ ስቃ ታፔላዋን ሰቀለች። እውነቱን ነበር። ሸረፋ ዓይነ አፋር ነው፤ ቃል ከአፉ የሚወጣው ብርድ እንደመታው ቅቤ ተፍቆ ተፍቆ ነው። ግን በልጅነቱ የቪዲዮ ቤት ሰሌዳ ላይ የዕለቱን ፊልም በጠመኔ እየጻፈ በነፃ ይገባ ስለነበር፣ በጭንቅላቱ ውስጥ ከጣሪያ ጣሪያ የሚዘሉ ሰላዮች እንደ ጉድ ይተራመሳሉ። ያ ሁሉ ዝላይ አንድ ቀን ለቁም ነገር ይውላል ብሎ የጠረጠረ ግን የለም።

ነዒማ ደግሞ ሌላ ፍጥረት ናት። ቅቤ ውስጥ ድንች የቀላቀለ ነጋዴ እሷን ከሩቅ ሲያይ መንገድ ይቀይራል፤ በጥፍሯ ጫር አድርጋ ወደ አፍንጫዋ ካስጠጋችው አለቀለት። እግሯ አርፎ አያውቅም። እንግዲህ ይህችን ሴት ነው ሐኪሙ ተኚ ያላት።

ሁለት ጊዜ አርግዛ ሁለቱንም ጊዜ ወርዶባታል። በሦስተኛው እርግዝና፣ መስከረም ላይ፣ ሐኪሙ ቆጣ ብሎ፣ «እስክትወልጂ ከአልጋ እንዳትወርጂ! መንገድ የለም፣ ገበያ የለም፣ ዕቃ ማንሳት የለም» አላት። ነዒማ እሺ ብላ ራሷን ነቀነቀች። ብዙም ሳይቆይ ሸረፋ ከሥራ ሲመለስ ግቢ ስትጠርግ አገኛት። መቆጣት አያውቅበትምና መጥረጊያውን ከእጇ ተቀብሎ የቀረውን ራሱ ጠረገ። በማግስቱ ደግሞ ልብስ ስታሰጣ ደረሰባት።

«በአላህ፣ ነዒማ!»

«ጎኔ ተላጠ እኮ፣ ሸረፋ! ኮርኒስ ሳይ ልዋል?»

ሸረፋ ቀና ብሎ ኮርኒሱን አየው። እውነትም የሚታይ ነገር የለውም።

በነጋታው አመሻሽ ላይ የታፔላ ንድፍ ከሚሠራበት ወረቀት አንዱን አጥፎ አመጣላት። ገጹ በሳጥን በሳጥን ተከፍሏል። በመጀመሪያው ሳጥን ነዒማ ቅቤ ተራ ተቀምጣለች። ጥቁር መነጽር ያደረገ ሰውዬ መጥቶ ዋጋ ሲጠይቃት፣ ቅቤውን ትታ ሰውዬውን ታሸተዋለች፤ ውሸታም ነው። ወዲያው ሻርፗን ጠበቅ አድርጋ ከቅቤ ተራ ጣሪያ ወደ በርበሬ ተራ ጣሪያ ዘለለች። ባለመነጽሩም እከተላለሁ ብሎ ዘሎ በርበሬ ቁልል ውስጥ በአፍጢሙ ተደፋ፤ ማስነጠሱ ብቻ አንድ ሳጥን ሙሉ ፈጅቷል። በመጨረሻው ሳጥን ነዒማ ከቅቤ ውስጥ የወጣች ብጣሽ ወረቀት ታነባለች፤ «ወልቂጤ ላይ አንድ ዕቃ ይጠብቅሻል። ሳይነቃነቅ ቡታጅራ ይግባ!» ይላል።

ነዒማ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። «ዕቃው ምንድን ነው?» አለች።

«ነገ» አላት ሸረፋ።

ያን ነገ ሙሉውን ቀን ከአልጋ አልወረደችም።

የቅቤ ተራ ሰላዮች የሚባለው የሥዕል ታሪክ እንዲህ ተጀመረ። የመጀመሪያዎቹ አንባቢዎች ጠያቂዎቿ ነበሩ። አንዷ ሀጀራ ናት፣ በቅቤ ተራ ከነዒማ አጠገብ የምትሸጥ፣ በዕድሜ የምትበልጣት፣ ድምፅዋ ከሩቅ የሚቀድማት ሴት። ሌላዋ ዘርፈሽዋል ናት፤ ከጎጃም በሥራ ተመድባ መጥታ እዚያው የቀረች የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ፣ የግድግዳ ጎረቤታቸው። ሀጀራ ገጹን ገልበጥ ገልበጥ አደረገችና፣ «እኔስ የት አለሁ? ስንት ዘመን አብሬያት ቅቤ ስሸጥ!» ብላ አፈጠጠች።

ሸረፋ ሁለቱንም ጨመራቸው። የምስጢር ስም በቅቤው ዓይነት አወጣላቸው፤ ነዒማ ለጋ፣ ዘርፈሽዋል መካከለኛ፣ ሀጀራ በሳል። ጠቡ የመጣው ከዚህ ነው።

«በሳል? እኔ ነኝ በሳል? አሮጊት ነሽ ማለትህ ነው ወላሂ!»

ነዒማ ከአልጋዋ ላይ ለሸረፋ ደረሰችለት። «ያለ በሳል ቅቤ ወጥ ይጣፍጣል እንዴ፣ ሀጂዬ?»

ሀጀራ ጥቂት አኮረፈች። «እንግዲያው መኪና ትነዳለች በል» አለች በመጨረሻ። ከዚያ ወዲያ ሰላይ በሳል አይሱዙ እያስጓራች ከገደል አፋፍ ላይ የምትታጠፍ ሆነች። መካከለኛ ደግሞ ሁሉ ነገር ከቦርሳዋ ነው የሚወጣው፤ ሲቸግር መሰላል ታወጣለች። ችግሩ ሦስቱም ነዒማን መምሰላቸው ነበር። ሀጀራ ይህንንም አልማረችውም። ሸረፋም አንገቱን ደፍቶ፣ «ቀሚሱን ለያይቼዋለሁ» አለ።

ሦስቱ ሰላዮች በኮባ የተጠቀለለውን ዕቃ ከወልቂጤ ተረከቡ። ጉብሬ ላይ የባለመነጽሩ ጀሌዎች መንገድ ዘጉባቸው፤ መካከለኛ መንገዱን በቅቤ አሸችና ጀሌዎቹ እየተንሸራተቱ ወንዝ ገቡ። እምድብር ላይ እንሰት ውስጥ ተደበቁ። ዘርፈሽዋል ገጾቹን ፎቶ ኮፒ እያስደረገች መሥሪያ ቤት አስነበበች፤ ከዚያ ወደ ፀጉር ቤቶቹ ዘለቀ፤ በኋላማ ጋሪ ነጂው ሁሉ ሸረፋን እያስቆመ፣ «ዕቃው ምንድን ነው? ለኔ ብቻ ንገረኝ» ይለው ጀመር። ወርቅ ነው ያለ አለ። የነጋዴዎቹ የድንች ቅቤ ምስጢር ነው ያለም አለ።

ነዒማ ግን ገብቷታል። አንድ ጠዋት እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ፣ «ዕቃው ሲነቃነቅ አደረ» አለችው። ሸረፋ ደነገጠ፤ ቀጥሎ ደግሞ ደስ አለው። በዚያ ቤት ልጅ የሚለውን ቃል ማንም አያነሳም ነበር። ሁለት ጊዜ የሕፃን ልብስ ተገዝቶ ሁለት ጊዜ ለሰው ተሰጥቷልና አሁን አንዲት ካልሲ እንኳ አልተገዛም። ዕቃው ማለት ግን ይቻላል። ከዚያ ቀን ጀምሮ፣ «ዕቃው እንዴት ዋለ?» መባባል ልማድ ሆነ። «ታዲያ መቼ ነው የምትፈታው? እስቲ ውስጡን አሳየኝ» ስትለው ግን ሸረፋ፣ «ሲደርስ» ብሎ ወሬ ይቀይራል። የፈሩት ይደርሳል ይባላል፤ እሱም ፍርሃቱን በቀለም ላለመጥራት ይጠነቀቅ ነበር።

ኅዳር ሊያልቅ ሲል አረፋ ደረሰ። በዚያ አገር ከአረፋ በፊት ያለው ቀን የሴቶች አረፋ ነው። ጎመኑ ደቆ በቅቤ ይታሻል፣ አይብ ይቀርባል፣ ከቡላና ከቅቤ አተካና ይሠራል፣ ፀጉር ቅቤ ይቀባል። ነዒማ ከተዳረች ጀምሮ ይህን ቀን መስቃን ገጠር ካሉት እናቷ ቤት ሳትውል ቀርታ አታውቅም።

«እናቴ ዘንድ እሄዳለሁ» አለች።

ሀጀራ ለመነች። ዘርፈሽዋል ተቆጣች። ነዒማ ወይ ፍንክች! «ስንት ጊዜ ተኛሁ፤ አንድ ቀን ምን ይለዋል? በጋሪ ቀስ እያልኩ እሄዳለሁ። እናቴ አርጅታለች፤ ደጅ ደጁን ስታይ ልትውል ነው?» የገጠሩን መንገድ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ጤነኛውን ሰው እንኳ አንጀቱን ያገላብጠዋል።

ሸረፋ ታፔላ የሚጽፍበት ሱቁ ገብቶ በሩን ገርበብ አደረገ። ሊያስፈራራት ወስኗል። በመጀመሪያው ሳጥን ለጋ ትእዛዝ ጥሳ ብቻዋን ጋሪ ላይ ስትወጣ ሳለ። ቀጥሎ ባለመነጽሩ በአህያ ሲከተላት፣ አህያዋ አልሄድም ብላ ስትቀመጥበት ሳለ። ከዚያ ጋሪው ጉድጓድ ገባ፤ ዕቃው ከእጇ አፈተለከ። የቀረው የመጨረሻው ሳጥን ነው፤ ዕቃው መሬት ላይ የሚወድቅበት።

ብሩሹ ቆመ። ወረቀት ነው እኮ፣ አለ ለራሱ። እጁ ግን አልታዘዘውም። ከወረዱት ሁለተኛውን በነጭ ጨርቅ ጠቅልሎ ወስዶ የቀበረው እሱ ራሱ ነበር። ነዒማ አላየችም፤ እሱ አይቷል። ቀለሙ ብሩሹ ላይ እስኪደርቅ እንዲያ ተቀመጠ።

አመሻሽ ላይ ገጹን እንዳለ ወስዶ ሰጣት። አህያዋ ጋ ስትደርስ ሳቀች። ከዚያ ባዶው ሳጥን ላይ ዓይኗ ቆመ።

«ይኼስ?»

«አቃተኝ።»

«ምን ልትስልበት ነበር?»

ሸረፋ ጣቱ ላይ ያለውን ቀለም መፋቅ ያዘ። «ሲወድቅ። እንድትፈሪ ብዬ ነው የጀመርኩት። እኔ ፈራሁ።» አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። «ሁለተኛውን ስወስደው ክንዴ ላይ እንዴት ይቀል እንደነበር ነግሬሽ አላውቅም። ምንም አይመዝንም ነበር፣ ነዒማ። ሦስተኛ መሸከም አልችልም።»

ያን ሁሉ ዘመን ሸረፋ ሲያለቅስ አይታው አታውቅም። ወንድ ነውና ቶሎ ረስቶታል ብላ፣ በልቧም ትንሽ ቂም ይዛበት ነበር። አሁን እንባው በአገጩ ሲወርድ ስታይ ያ ቂም የት እንደገባ አላወቀችም። ቀለም የጠጣውን እጁን ስባ ሆዷ ላይ አደረገችው፤ አብረው አለቀሱ። ዕቃው ከሥር አንዴ ረገጣቸው።

«ለእናቴ ላክባት» አለች በመጨረሻ። «አልመጣም በላት።»

የሴቶች አረፋ ዕለት ረፋድ ላይ በራቸው ላይ ጋሪ ቆመ። የነዒማ እናት ናቸው፣ ከነቅቤያቸው፣ ከነጎመናቸው፣ ከነቡላቸው። ከጎናቸው ሀጀራ ልጓሙን ከነጂው ቀምታ ይዛለች፤ ከኋላ ዘርፈሽዋል ቦርሳዋን ታቅፋ ተቀምጣለች። ማለዳ ተነሥተው ገጠር ድረስ ሄደው ነው ያመጧቸው።

«አለቃችን ካልሄደች አረፋው ይመጣል!» ብላ ሀጀራ ከመንገድ ጮኸች።

እናት ገብተው ልጃቸውን ስመው ስመው ሲያበቁ ሸረፋን ዞር ብለው አዩት። «አንተ ደግሞ በሴቶች ቀን እዚህ ምን ትሠራለህ? ውጣ! ድርሽ እንዳትል!»

ሸረፋ ከገዛ ቤቱ ተባሮ ደጁ ላይ ባዶ የቀለም ቆርቆሮ ደፍቶ ተቀመጠ። ከውስጥ የጎመኑ ክትክታ፣ የሀጀራ ድምፅ፣ የነዒማ ሳቅ ይሰማዋል። እናት ማንበብ ባይችሉም ሥዕሉን እየገለጡ፣ «ይቺም የኔ ልጅ፣ ያቺም የኔ ልጅ! ስንት ነው የወለድኩት?» ሲሉ ሰማቸው። አንዲት እጅ በሩን ከፈት አድርጋ አተካና በሳህን አቀበለችው። የማን እጅ እንደሆነች አላየም። እንዲያ ጣፍጦት በልቶ አያውቅም።

ልጅቷ ጥር ላይ ተወለደች፣ ጊዜዋን ጠብቃ፣ ሆስፒታሉን በጩኸት አናግታ። ሸረፋ ሲታቀፋት መጀመሪያ ያለው፣ «ትከብዳለች!» ነው። አዋላጇ ገረማት፤ ይህን ያህል የምትከብድ ልጅ አልነበረችም። ነዒማ ግን ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ አለቀሰች።

ቤት በገቡ ሰሞን ነዒማ ከትራሷ ሥር አንድ ወረቀት አወጣች። ያ ባዶ ሳጥን ያለበት ገጽ ነው። «በል ጨርሰው» አለችው። «ከተማው ሁሉ እየጠበቀ ነው።»

ሸረፋ ብሩሹን ይዞ ልጅቷ አጠገብ ተቀመጠ። ወዲያው አልጀመረም። ጎንበስ ብሎ አያት፤ ቀና ብሎ አሰበ፤ ደግሞ ጎንበስ አለ። ነዒማ እንቅልፍ ወስዷት ስትነቃ ገና እያየ ነበር። ከዚያ ሳለ። ዕቃው አልወደቀም። ኮባው ተፈትቶ መሃሉ ላይ አንዲት ሕፃን ጡጫዋን ጨብጣ ተኝታለች።

ነዒማ ገጹን ተቀብላ ብዙ አየችው። ግንባሩ የእሷ አይደለም፤ ቅንድቡም፣ ከንፈሩም።

«እኔን አትመስልም» አለች።

«አዎ» አለ ሸረፋ፣ ዓይኑን ከልጅቷ ሳይነቅል። «እሷን አፍጥጬ አየኋት።»