የማያቃጥለው እግር

ሰመራ በማስተምርበት ኮሌጅ፣ ተማሪዎቼ ለስኳር ሕመምተኛ ቁስል ይረዳ እንደሆነ ለመሞከር እሬት ይጨምቃሉ። ትናንት መራራ ሽታው ሲመታኝ፣ አዋሽ ከተማ፣ የአባቴ ሱቅ በራፍ ላይ ልጅ ሆኜ የተቀመጥኩ መሰለኝ።

አባቴ ስኳር ነበረበት። የጫማው ምስማር እግሩን ወግቶት፣ ሳይሰማው ሁለት ቀን ሄዶበታል። ሐኪም ቤት ተመላልሶም ቁስሉ አልደርቅ አለ። አንድ ጠዋት ወተት የሚያመጡልን የአፋር እናት፣ እማማ አይሻ፣ እሬት ቆርጠው መጡ። እኔም ወድቄ ጉልበቴ ተልጦ ስለነበር መጀመሪያ እኔ ላይ ጠብ አደረጉት። ጩኸቴን አቀለጥኩት።

«አይዞሽ፣ ይሄ ይድናል» አሉና እፍ እፍ አሉልኝ።

ከዚያ የአባቴን ቁስል ቀቡት።

«ያቃጥላል?» አሉት።

«ኧረ ምንም! ይቺ ቅምጥል ሆና ነው እንጂ» ብሎ አባቴ ሳቀ። እኔም በጀግንነቱ ኮርቼ አጨበጨብኩለት።

እማማ አይሻ አልሳቁም። እግሩን ጭናቸው ላይ አድርገው የቁስሉን ዙሪያ በጣታቸው ጫን ጫን አደረጉ።

«ወንድሜ፣ የሚያቃጥል ቁስል ይጠራሃል። ዝም የሚለውን ነው እኔ የምፈራው» አሉት።

ዘንድሮ እኔም ስኳር አለብሽ ተብያለሁ። ትናንት ተማሪዎቹ ሲወጡ ጫማዬን አወለቅሁና፣ የተላጠው ጣቴ ላይ ከጭማቂው አንድ ጠብታ ጠብ አድርጌ ጠበቅሁ።

ትንሽ ቆይቶ አቃጠለኝ። አልሐምዱሊላህ እያልኩ፣ ጎንበስ ብዬ እንደ እማማ አይሻ እፍ እፍ አልኩለት።