የበቅሎዋ ዋጋና የሥላሴ ማሐላ

ሠርካለም ነጎድጓድ ትፈራለች። ደባርቅ ላይ ነጎድጓድ የማይፈራ ማን አለ ትሉኝ ይሆናል፤ የእሷ ግን ይለያል። ልጅ ሳለች አጎቷ ገዱ በድንበር ተጣልቶ፣ የሰውን መሬት የኔ ነው ብሎ በሥላሴ ማለ። በዚያው ክረምት መብረቅ ወርዶ ሁለቱን በሬዎቹን ከበረታቸው ውስጥ ገደላቸው። ማሐላው ነው ያላለ ሰው አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ሠርካለም እንኳን በሐሰት፣ በእውነትም ለመማል አፏ ይተሳሰራል። እንግዲህ ጉድ በሉ፤ በስልክ፣ ፊቱን ላላየችው ሰው የማለችው ይህችው ሴት ናት።

ባሏ ከሞተ በኋላ አሥራ አንድ ዓመት ያኖረቻት አንዲት በቅሎ ነበረች። ተራዋ ሲደርስ ከቡይት ራስ ወደ ላይ፣ ወደ ሰሜን ተራሮች፣ የቱሪስት ጓዝ ትሸከም ነበር። በኋላ አገሩ ሲታወክ እንግዳው ቀረ። በቅሎዋ ግን ገብስ መብላቷን አልተወችም! ቢቸግራት ገበያ አወጣቻት። የገዛት የመካነ ብርሃኑ ያርጋል ነው። አሥር ዓመት ያውቃታል፤ ያም ሆኖ "ዋስ ካልጠራሽ ልጓሟን አልይዝም" አላት። ሠርካለም ሌባ የተባለች ያህል ተናደደች። ጎረቤቷ ሀብተ ሚካኤል መጥቶ "በቅሎዋ የራሷ ናት፣ ነገር ቢመጣ እኔ አለሁ" ካለ በኋላ ነው ስልሳ ሺህ ብሩ የተቆጠረላት።

ያ ብር ጥሪቷ ሁሉ ነው። ባንክ ቢቀመጥ ጨውና ዘይቱ ቀስ በቀስ ሊጨርሰው፣ ቢነካ ሊያልቅ፤ እንቅልፍ ነሳት። የእህቷ ልጅ ሕሊና ሆቴል እንግዳ ተቀባይ ናት፤ እሷ ናት ነገሩን ያመጣችው።

"እቴቴ፣ በኦንላይን ነፃ ስልጠና አለ። ገንዘብን እንዴት በብልሃት ሥራ ላይ እንደሚያውሉ ያስተምራል። አራት እሑድ ብቻ ነው።"

"ነፃ? ነፃ ነገር ከመቼ ወዲህ ነው ደህና የሆነው?" አለች ሠርካለም። አለች እንጂ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ስልኩን ጣሳ ላይ አስደግፋ ቁጭ አለች።

እውነቱን ለመናገር ስልጠናው ደህና ነበር። አስተማሪዋ የትናየት የምትባል ረጋ ያለች ልጅ ናት። "ያልገባችሁ ነገር ውስጥ ብራችሁን አታስገቡ፤ የገባችሁም ቢሆን ሁሉንም አንድ ቦታ አታኑሩ። ገብሱን ውርጭ ቢመታው ባቄላው ይተርፋል" ስትል ሠርካለም ልቧ ራሰ። ይህንንማ አባቷም ይለው ነበር!

በሁለተኛው እሑድ ጥያቄ ያለው ይናገር ተባለ። እኛ አገር ምክር የሚሻ ሰው አይደብቅም፤ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባል የለ? ሠርካለም ማይኩን ከፈተችና ስሟን፣ ስልክ ቁጥሯን፣ ሰፈሯን፣ ባል እንደሌላት፣ የበቅሎዋን ዋጋ ከነሳንቲሙ ለዘጠና ሰው ዘረገፈችው። አይ ሠርካለም! ሽማግሌ ፊት የተቀመጠች መስሏት እኮ ነው።

ማክሰኞ ስልኩ ጮኸ። "እናቴ፣ ተክለ ማርያም እባላለሁ፤ የስልጠናው ረዳት ነኝ" አለ አንድ ለስላሳ ድምፅ። ጾሙ እንዴት ይዞዎታል ብሎ ጠየቃት። በቅሎዋ በመሸጧ አዘነላት። ከዚያ ለጥቂት ሰዎች ብቻ የተከፈተ ሥራ አለ፣ ብርዎ በወሩ እጥፍ ይሆናል አለ። አራት ቀን ሙሉ ደወለ። አያያዙን አይተህ ጭብጦውን ቀማው ይሉሃል ይህ ነው። ቅዳሜ ዕለት "ቦታውን ሌላ ሰው እየጠየቀኝ ነው፤ እንደማይቀሩ በድምፅ ይማሉልኝ" አላት። ሠርካለም ሰው ላለማሳፈር ብላ፣ ስልኩን አፏ ላይ አስጠግታ ማለች። "ሥላሴን! ማክሰኞ ሳይመሽ እልክልሃለሁ።"

በማግስቱ፣ በሦስተኛው እሑድ፣ የትናየት ገና ሰላም ከማለቷ "እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ ከእኛ ለብቻው የሚደውልላችሁ ሰው የለም። ብርም አንቀበልም። ከደወለላችሁ ሌባ ነው" አለች።

ሠርካለም ልትናገር አፏን ከፈተች፤ ኀፍረቱ አፏን መልሶ ዘጋው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ! ብትልክ ጥሪቷ ሊሄድ፣ ብትቀር በሥላሴ ልትዋሽ። የሚገርማችሁ፣ ይበልጥ ያስፈራት ሌባው አልነበረም። የገዱ በሬዎች ነበሩ፤ ዓይናቸውን እንዳፈጠጡ የተዘረሩት።

ማክሰኞ ረፋድ ላይ ሰማዩ ጠቆረ። ስልኳ ጮኸ፤ የድምፅ መልእክት ነው። ከፈተችው። የገዛ ድምፅዋ! "ሥላሴን! ማክሰኞ ሳይመሽ እልክልሃለሁ።" ሌላ ቃል የለበትም። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ላከው፤ ደግሞ ላከው። ሠርካለም ነጠላዋን አጣፍታ፣ ወደ ባንክ ሄደች። ሰልፍ ያዘች። ቅጹን አስሞላች። ከፊቷ ሁለት ሰው ቀረ።

እዚያው ቆማ ያርጋል ትዝ አላት። አሥር ዓመት የሚያውቃት ሰው፣ አንዲት በቅሎ ለመግዛት ዋስ ጥሪ ያላት! እሷ ደግሞ ይኸው የበቅሎዋን ሙሉ ዋጋ ይዛ፣ ዘሩን ለማታውቀው ሰው ልትሰጥ ቆማለች። ከሰልፉ ወጣችና ለተክለ ማርያም ደወለች።

"ልጄ፣ ማሐላዬን አልበላም። ዋስ ጥራና እልካለሁ። ደባርቅም ይሁን ዳባት፣ የሚያውቅህ አንድ ሰው ጥራ።"

"እናቴ፣ በኦንላይን ዋስ የለም" ብሎ ሳቀ።

"እንግዲያስ የማን ልጅ ነህ? ደብርህ የት ነው? የንስሐ አባትህ ማን ይባላሉ?"

ያ ለስላሳ ድምፅ ተለወጠ። "ስሚ አንቺ አሮጊት! በሥላሴ ምለሻል። መብረቅ ይብላሽ!" ብሎ ዘጋው።

አላከችም። ቅጹን ቀድዳ ጣለችው። አላከችም እንጂ ፍርሃቱ መች ለቀቃት! ያን ዕለት ሰማዩ ባጉረመረመ ቁጥር ከአልጋ ሥር ልትገባ ምንም አልቀራት። በማግስቱ የንስሐ አባቷ አባ ገብረ ኪዳን እግር ላይ ወድቃ፣ ሁሉንም እያለቀሰች ነገረቻቸው።

"ሌባ ነውና ማሐላው ቀልድ ነው ትዪኝ እንደሆነ ቀልድ አይደለም" አሏት አባ። "የሥላሴን ስም ለማታውቂው ሰው አቀለልሽ። ስግደቱን እነግርሻለሁ። ሌላ ደግሞ አለ። የብርሽን ልክ ስትናገሪ ስንት ሰው ሰማሽ?"

"ዘጠና ይሆናሉ፣ አባ።"

"ሌባውም ከዚያው ነው የሰማሽ። ስንቱን ደግሞ እንዲህ አስምሎት ይሆን? ሂጂና ያንን ድምፅሽን ለዘጠናውም አሰሚ። ቀኖናሽ ይህ ነው።"

"አባ፣ በሞትኩት! ሺህ ስገጂ ይበሉኝ!"

"አሰሚ ብያለሁ።"

አራተኛው እሑድ ደረሰ። ሕሊና አጠገቧ ተቀምጣ እጇን ይዛታለች። የትናየት ጥያቄ ያለው ስትል ሠርካለም ማይኩን ከፈተች። ስልጠናውን የሚከታተሉበትን የሕሊናን ስልክ ወደ ራሷ አስጠግታ፣ በራሷ ስልክ የተላከላትን መልእክት ተጫነችው። "ሥላሴን! ማክሰኞ ሳይመሽ እልክልሃለሁ።" ከዚያ ተክለ ማርያም ነኝ ስላለው ሰው፣ ስለ ሰልፉና ስለ ዋሱ፣ እየተንተባተበች ተናገረች። ስትጨርስ ሳቁብኝ ብላ ስልኩን ልትዘጋ እጇን ዘረጋች።

አንድ የሽማግሌ ድምፅ መጣ። "እኅቴ፣ ፀጋው እባላለሁ፤ ከዳባት ነኝ። እኔንም በማርያም አስምሎኛል። ጥማድ በሬዬን ትናንት ሸጫለሁ። ነገ ጠዋት ነው ቀኑ። ብቀር ማርያም ትጣላኛለች ብዬ፣ ሦስት ቀን እህል አልቀመስሁም።"

የትናየት ልትናገር ጀመረች፤ ሠርካለም ቀደመቻት።

"እንዳይልኩ! ዋስ ጥራ ይበሉት። በማሐላው እኔም አብሬዎት እሰግዳለሁ፣ ወንድሜ፤ ብርዎን ግን እንዳይልኩ!"

ይህን ስትል በሊማሊሞ በኩል ሰማዩ ተሰነጠቀ፤ የቤቱ ቆርቆሮ ተንቀጠቀጠ። ሠርካለም ዘላ ሕሊና ላይ ተጠመጠመች። በአንድ እጇ ማተቧን ጭምድድ አድርጋ ይዛለች፤ በሌላው ግን ስልኩን አለቀቀችም።

"አሉ? አባባ ፀጋው፣ ይሰሙኛል? እንዳይልኩ ነው የምልዎት!"