በእንቅልፌ ተናገርሁ የተባለው

ልጅ ሳለሁ ማታ ማታ ተረት የሚነግረን የአባቴ ታላቅ ወንድም አያ ካሴ ነበር። ቤታችን ጣና ዳር፣ ከባሕር ዳር በታንኳ የግማሽ ቀን መንገድ ነው። አያ ካሴ ቀን ደንገል አጭዶ ታንኳ ሲያስር ይውልና ሲመሽ ይመጣል፤ እናቴ ኩራዙን ወደ ጥግ ታደርገዋለች፤ እሱ ምድጃው ዳር ተቀምጦ ፍሙን በእንጨት እየቆሰቆሰ ይጀምራል። ያኔ ጭሱ ዓይኔን እያቃጠለኝ እንኳ ከአጠገቡ አልነሣም ነበር። አባቴ የማይናገር ሰው ስለነበረ፣ በዚያ ቤት የሰማሁት ወሬ ሁሉ ማለት ይቻላል የአያ ካሴ ነው።

ከተረቶቹ አብልጬ የምወደው የእንቅልፍን ነበር። ሰው ሲተኛ ነፍሱ በአፍንጫው እንደ ንብ ትወጣለች፤ ሐይቁን ዞራ፣ የሩቁንም የተደበቀውንም አይታ፣ ባለቤቱ ሳይነቃ ትመለሳለች። «ስለዚህ የሚቃዥን ሰው ትንሿን ጣቱን ይዘህ ብትጠይቀው፣ ያየችውን አንድ ሳትደብቅ ትነግርሃለች» ይል ነበር። እኔ በእንቅልፌ እለፈልፋለሁና «የዚህ ነፍስ ደግሞ አፏ አያርፍ!» እያለ ቤቱን ያስቀው ነበር።

ለብሔራዊ ውትድርና ጎረምሶች ሲመለመሉ፣ የታላቅ ወንድሜ የይርጋ ስም ከገበሬ ማኅበሩ ዝርዝር ውስጥ ገባ። አንድ ቀን ማለዳ ስነሣ የሚተኛበት መደብ ባዶ ነው። እናቴ «ዘመድ ጥየቃ ሄዷል» አለችኝ፤ ከዚያ በላይ የነገረኝ የለም። በሦስተኛው ሳምንት ከሐይቁ ዳር፣ ከደንገሉ ውስጥ አውጥተው፣ እጁን የፊጥኝ አስረው በመንደሩ መካከል ሲያሳልፉት አየሁት።

እናቴ ደጃፉ ላይ ወድቃ «ማን ነው የነገረብኝ? ማን ነው?» ስትል አያ ካሴ አንገቱን ደፋ።

«ልጁ ነው» አለ። «ትናንት ወባው ጥሎት ተኝቶ ሳለ፣ የማኅበሩ ሊቀመንበርና እኔ ደጅ ተቀምጠን ነበር። ከውስጥ ‹ይርጋ ደንገሉ ውስጥ ነው› ብሎ ሲቃዥ ሰማው። ምን ይደረግ፤ ሕፃን ነው። አትምቱት።»

«አትምቱት» ማለቱን ያኔ እንደ ርኅራኄ ቆጠርሁለት።

ማንም አልመታኝም። አባቴ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ዓይኔን አያይም። እኔም እንቅልፍን እንደ ጠላት ፈራሁ፤ አፌን በጨርቅ አስሬ፣ ሰው እንዳይሰማኝ ከጥጆቹ ጋር እተኛ ነበር። ትምህርት ቤት ተቀምጬ ሳንቀላፋ እንኳ ደንግጬ ከንፈሬን እነክሳለሁ።

በክረምቱ ለመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ከባሕር ዳር ተማሪዎች መጡ። እኛ ቤት ያረፈችው ሰናይት የምትባል የሹም አቦ ሰፈር ልጅ ነበረች፤ አባቷ የፋብሪካ ሠራተኛ ነው። ጧት አዋቂዎችን ፊደል ታስቆጥራለች፤ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ሲያግዳት የራሷን ደብተር ታወጣለች። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤታቸው ስለ ሰው አእምሮ፣ ስለ እንቅልፍና ስለ ልጅ አስተዳደግ የሚማሩት ሳይኮሎጂ የሚሉት ትምህርት ነበር። እንግሊዝኛውን ለራሷ ታነብና በአማርኛ ለእኔ ታስረዳኛለች። «አንተ ከገባህ እኔ ፈተናውን አለፍኩ ማለት ነው» ትለኝ ነበር።

እንቅልፍ እንደ ሐይቁ ጥልቅም ጥልቅ ያልሆነም ቦታ እንዳለው፣ ሰው ሲያልም ዓይኑ ከቆቡ ሥር እንደሚንቀሳቀስ የሰማሁት ከእሷ ነው። አንድ ቀን ውሻችን ተኝቶ እግሩን ሲያወራጭ «እየው፣ እያለመ ነው» አለችኝ።

«ምን አባቱ ያልማል?»

«ያንተን ራት።»

ሳቅሁ። ይርጋ ከተያዘ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የሳቅሁት ያኔ ነበር። ሳቁ አፌን ፈትቶልኝ ነው መሰለኝ፣ ጠየቅኋት። «እትዬ ሰናይት፣ የሚቃዥ ሰው ነፍሱ ሄዳ ያየችውን ይናገራል?»

«የት ሄዳ? ሰው የሚያልመው ያየውንና የሰማውን እያደባለቀ ነው። ጎተራ ያልገባ እህል ከጎተራ ይወጣል እንዴ?»

ያን ጊዜ ሁሉንም ነገርኋት። ደብተሯን አጠፈች።

«ይርጋ የት እንደተደበቀ ማን ነግሮህ ነበር?»

«ማንም።»

«ደንገሉ ጋ ሄደህ አይተኸዋል?»

«አልሄድሁም።»

«ታዲያ የማታውቀውን ከየት አምጥተህ ተናገርክ?»

ቦታውን የሚያውቁትን በልቤ ቆጠርሁ። አባቴና እናቴ። ሌላው፣ ከተያዘ በኋላ እንደሰማሁት፣ ስንቁን በታንኳ ያደርስለት የነበረው አያ ካሴ ነው። የአያ ካሴ ልጅ የይርጋ እኩያ ነው፤ ስሙም ከይርጋ ስም ጋር ተጠርቶ ነበር። ያን ክረምት ግን ማንም ሳይወስደው በሬዎቹን ጠምዶ ያርስ ነበር። ሰናይት ደብተሯን መልሳ ገልጣ፣ ልጅ በቤቱ የደረሰውን ክፉ ነገር ሁሉ ‹በእኔ ነው የመጣው› እንደሚል አነበበችልኝ። ቃሉ በጆሮዬ ገባ እንጂ ሌላ ነገር እያሰብሁ ነበር።

አባቴ ከጣሪያው ክፈፍ ሥር ተቀምጦ ሞፈር ይጠርባል። ሄጄ ፊቱ ቆምሁ።

«አባባ፣ እኔ አልተናገርሁም። የት እንዳለ እንኳ አላውቅም ነበር።»

መጥረቢያውን አላቆመም። «አውቃለሁ» አለ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከዚያው ቀን።» ከዚያ፣ በሕይወቱ ረጅሙን ንግግር ተናገረኝ። «እሱ ነው ብዬ ከአፌ ካወጣሁት ወንድሜን መግደሌ ነው። ካልገደልሁት አገር ይስቅብኛል። ልጅ ቃዠ ከተባለ ግን የሚገደል የለም። ለእናትህ እንዳትነግራት፤ እሷ አትችለውም።»

በዚያው ማታ አያ ካሴ መጣ። አባቴ «ተነሥ፣ አጎትህን አስታጥበው» አለኝ። ውኃውን በእጁ ላይ አፈሰስሁለት፤ «እደግ፤ ለወግ ለማዕረግ ያብቃህ» ብሎ መረቀኝ። ራት ተበላና ተረቱን ጀመረ። ተረቱ ጥሩ ነበር፤ የጎረቤት ልጆች ሁሉ ሳቁ። ያኔ ከሁሉ ያቃጠለኝ እኔም ልስቅ መድረሴ ነው።

በመስከረም የይርጋን ሥራ የሚሠራ ስለጠፋ ትምህርቴን ትቼ እርሻ ገባሁ። ይርጋ አልተመለሰም። የአያ ካሴን ተረቶች አንዱንም አልረሳሁም፤ ለልጆቼ ግን ነግሬያቸው አላውቅም፤ እነሱም አባታችን ዝምተኛ ነው ብለው ትተውኛል። አባቴ ደም እንዳይፈስ ብሎ ያደረገው መሆኑ እኔም አባት ስሆን ገብቶኛል። ቢገባኝም አልለቀቀኝም።

እናቴ ልትሞት ስታጣጥር አስጠራችኝና እጄን ያዘች። «አንተ አይደለህም፤ እንቅልፍ ነው» አለችኝ። «ከልቤ ይቅር ብዬሃለሁ፤ ሳልነግርህ እንዳልሞት ብዬ ነው።» አባቴ ከራስጌዋ ተቀምጦ ነበር። እውነቱን ይነግራት እንደሆነ ጠበቅሁት። ምድር ምድሩን እያየ ዝም አለ። እኔም ዝም አልሁ፤ እሷም ይቅር በማለቷ ልቧ አርፎ ሄደች።